ከቱሪስት ሌላ ገቢ የሌለው ከተማ የቀን ኪራይ ቤቶችን እንዴት ይቆጣጠር?

ነገር_ፈላጊ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ከጓደኞቼ ጋር ስንጨቃጨቅበት የከረምነውን ነገር እዚህ ላምጣው ብዬ ነው። አንድ ትንሽ ከተማ አለ እንበል፣ ገቢው በሙሉ ከቱሪስት ነው፣ የባህር ዳርቻ ይኑረው የበረዶ ተራራ ይኑረው ለውጥ የለውም። መጀመሪያ ትርፍ ክፍል ያለው ሰው በኤርቢኤንቢ፣ ቤት በቀን በሚከራይበት የኢንተርኔት ገበያ፣ እንግዳ መቀበል ጀመረ፣ ማንንም አልከፋውም። ቀጥሎ ለዚሁ ብሎ ሁለተኛ ቤት የገዛ መጣ። ቀጥሎ ደግሞ አስርና አስራ አምስት አፓርታማ ይዞ እሱ ራሱ ከተማውን ረግጦት የማያውቅ፣ ሁሉን ነገር በማናጀርና በኮድ ቁልፍ የሚያሰራ መጣ። አሁን አስተማሪው፣ ነርሷ፣ የሆቴሉ ሰራተኛ የሚከራዩት ቤት አጡ። ማዘጋጃ ቤቱ ምን ያድርግ?

እኔ ሙሉ ለሙሉ ይከልከል የሚለውም ዝም ተብሎ ይለቀቅ የሚለውም ስንፍና ይመስለኛል። ማን ያከራይ፣ የት ሰፈር፣ ስንት ሌሊት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ይሄን ማን ቆሞ ያስፈጽማል ነው ጥያቄው። የሌላ አገር ልምድ የምታውቁ፣ በስራው ውስጥ ያላችሁም ጻፉ እስኪ። ዓመቱን በፈረንጅ አድርጉት እንዳንምታታ።

ቤቴ_ንብረቴ፦

ምን ጥያቄ አለው? ቤቱ የኔ፣ የባንክ ዕዳውን የምከፍለው እኔ፣ ጣራው ሲያፈስ የማሰራው እኔ፣ ማን እንደሚያድርበት የሚወስነው ማዘጋጃ ቤት? ይሄን ሁሉ የሚቆሰቁሱት ሆቴሎች ናቸው፣ ፉክክር ስላስፈራቸው ነው በቃ።

ሪሴፕሽን_ማታ፦

ወንድሜ እኔ ሆቴል ነው የምሰራው፣ የባለቤቶቹ ጠበቃ ለመሆን ግን አልመጣሁም፣ እነሱ ጠበቃ አያጡም። ግን እውነቱን እንነጋገር ከተባለ እኛ ጋ በየፎቁ የእሳት ማጥፊያ አለ፣ የአደጋ ጊዜ መውጫ አለ፣ የእንግዳ መዝገብ አለ፣ የአልጋ ግብር አለ፣ ኢንስፔክተር በፈለገው ሰዓት ይገባል። አጥር ለአጥር ያለው አፓርታማ ውስጥ ያው እንግዳ በዚያው ዋጋ ያድራል፣ ጭስ የሚጠቁም መሳሪያ እንኳ የለም። አንድ አይነት ስራ ከሆነ አንድ አይነት ግዴታ ይኑር፣ እኔ የምለው ይሄን ነው።

ሆቴሎች ይጠቀማሉ ላልከው አዎ ይጠቀማሉ። ኒውዮርክ ሎካል ሎው 18 የሚባለውን የከተማ ደንብ ከሴፕቴምበር 2023 ጀምራ ስታስፈጽም ከ30 ቀን በታች የሚያከራይ ሰው እዚያው ቤት ከእንግዳው ጋር መኖር አለበት፣ ከሁለት እንግዳ በላይ አይቀበልም፣ ከተማው ጋ ይመዘገባል አለች። ከሃያ ሺህ በላይ የነበረው የአጭር ጊዜ ሊስቲንግ (የኪራይ ማስታወቂያ) ወደ ጥቂት ሺህ ወረደ። የሆቴል ዋጋ ወጣ፣ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ግን ሰዉ እንደጠበቀው አልወረደም። ያ ትርፍ ሪሴፕሽኒስቱ ጋ ይደርሳል ብላችሁ ደግሞ አታስቡ ሃሃ።

ባለ_ሁለት_ቁልፍ፦

አከራይ ነኝ፣ ድንጋይ ወርውሩብኝ እንግዲህ። አንድ ክፍል የምኖርበት ቤት ውስጥ፣ አንድ ደግሞ ከእናቴ የወረስኩት ትንሽ አፓርታማ። ጎረቤቶቼ ሁሉ ስልኬን ያውቁታል፣ እንግዳ ከጮኸ እኔ ነኝ በፒጃማ የምወርደው። እስካሁን በወሬው ሁሉ የሚገርመኝ እኔንና ያንን አስራ አምስት አፓርታማ የያዘውን ድርጅት በአንድ ስም መጥራታችሁ ነው፣ ደንብ የሚያወጡትም እንደዚሁ ነው የሚያደርጉት፣ አንድ ፎርም አንድ ክፍያ አንድ ቅጣት። እሱ ቅጣቱን እንደ ወጪ ይመዘግበዋል፣ እኔ ግን በዚያች ቅጣት ዓመቱ ያልቅብኛል።

ደግሞ የሚረሳ ነገር አለ፣ የምቀበላቸው ሰዎች ግማሾቹ ሆቴል የማይገቡ ናቸው። አራት ልጅ ይዞ የመጣ፣ ሆስፒታል የተኛ ዘመድ የሚያስታምም፣ ለወር ስራ የመጣ መሐንዲስ። ሲዝን ሲሆን ሆቴሎቹ ይሞላሉ፣ እኛ ባንኖር ያ ሰው አይመጣም፣ ካልመጣ ደግሞ ጀልባ ነጂውም አስጎብኚውም ባዶ ነው። ዋናው ጎዳና ላይ ላሉት ሆቴሎች ብቻ እንግዳ ይግባ ማለት ገንዘቡም እዚያው ጎዳና ላይ ይቅር ማለት ነው።

ምዝገባን እደግፋለሁ። ግብርም እከፍላለሁ፣ ፕላትፎርሙ (ኤርቢኤንቢና መሰሎቹ) ራሱ ቆርጦ ለከተማው ቢያስገባልኝ ደስታውን አልችለውም። የምቃወመው ገና ሲጀመር ጥፋተኛ ተደርጎ መታየቱን ነው።

አንሶላ_ቀያሪዋ፦

እናንተ ስለ ባለቤትና ስለ ሆቴል ስታወሩ እኔ መሀል ላይ ያለሁት ሰው ነኝ። ቼክ አውት አምስት ሰዓት ቼክ ኢን ዘጠኝ ሰዓት፣ በዚያች መሀል ሶስት ቤት ገብቼ አንሶላ ቀይሬ፣ ሽንት ቤት አጥቤ፣ የሰው ጸጉር ከሻወር ጉድጓድ አውጥቼ፣ ለሪቪው ፎቶ የሚሆን ፎጣ አጥፌ የምወጣ። የሚከፈለኝ በቤት ቁጥር እንጂ በሰዓት አይደለም፣ እንግዳው ፓርቲ አድርጎ ቤቱን ገልብጦት ቢሄድም ክፍያው ያው ነው።

እና ምን ሆነ መሰላችሁ፣ እኔ የተከራየሁበት ቤት ባለቤት ሲዝን ሲቃረብ ልቀቂልኝ አለኝ። ለምን? በቀን ሊያከራየው። ለቅቄ ሩቅ ሄድኩ፣ አሁን ከአውቶቡስ ወርጄ የማጸዳው አንዱ ቤት እኔ የኖርኩበት ህንጻ ውስጥ ነው። ምርር ብዬ ልናገር አልፈለግኩም፣ ግን ይከልከል ስትሉም እኔ ስራ አጣለሁ፣ ይለቀቅ ስትሉም ቤት አጣለሁ። ሁለቱንም በአንድ አፍ መናገር አይቻልም እንዴ?

ባለ ሁለት ቁልፉ ወንድሜ አትቀየመኝ፣ አንተ ጥሩ አከራይ ትሆናለህ፣ ግን የሲዝን ሰራተኛ የሚያድርበት ከሌለ ያን ሁሉ እንግዳ ማን ያስተናግደዋል? ምግብ ቤቶቹ እኮ ሰው አጥተው በሳምንት ሁለት ቀን መዝጋት ጀምረዋል፣ እንግዳ ጠፍቶ አይደለም፣ ወጥ ቤት የሚቆም ጠፍቶ ነው። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፣ ከየሌሊቱ ላይ የሚቆረጠው ግብር ለማስታወቂያና ለፌስቲቫል ከሚሄድ ለሰራተኛ ቤት ይሂድ። ቱሪስት እንዲመጣ ማስታወቂያ የሚያስፈልገው ከተማ ላይ አይደለንም ያለነው።

ነገር_ፈላጊ፦

እህቴ ይሄ እስካሁን ከተጻፈው ሁሉ በላይ ነው። ለሰራተኛ ቤት ይሂድ ያልሽውን የሰሩበት ቦታ አለ፣ ስቲምቦት ስፕሪንግስ የምትባል የኮሎራዶ የበረዶ ስኪ ከተማ፣ በ2022 ነዋሪው በድምፅ በአጭር ጊዜ ኪራይ ላይ 9 በመቶ ተጨማሪ ታክስ ጣለ፣ ገንዘቡ ለሰራተኛ መኖሪያ እንዲውል። በዚያው ዓመት ከተማዋን በዞን ከፋፍለው አንዳንዱ ሰፈር ላይ አዲስ ፈቃድ ከለከሉ፣ አንዳንዱ ላይ ቁጥሩን ገደቡ፣ ስኪው አጠገብ ያለውን ለቀቁ።

ጋሽ_ታዛቢ፦

ልጆች፣ እኔ እንደ ጎረቤት አንድ ነገር ልበል። ሕንጻችን ውስጥ ድሮ መብራት ቢጠፋ የማን በር እንደሚንኳኳ እናውቅ ነበር። አሁን ከስምንቱ ቤት አምስቱ በር ላይ የቁልፍ ሳጥን ተንጠልጥሏል። ሌሊት የሻንጣ ጎማ በደረጃ ላይ ቋ ቋ ይላል፣ በሩን ስተው የኔን የሚሞክሩም አሉ፣ ቆሻሻ በማይወጣበት ቀን ያወጣሉ። በእንግዶቹ አልፈርድም፣ እረፍት ላይ ያለ ሰው ነው፣ ነገ ይሄዳል። የሕንጻው ኮሚቴ ስብሰባ ሲጠራ ግን የሚመጣ የለም፣ ሊፍቱ ከተበላሸ ወር አልፎታል፣ ለማሰራት ድምፅ የሚሰጥ ባለቤት አልተገኘም። ጣሊያን በ2024 መጨረሻ ገደማ እንግዳ በአካል መታየት አለበት ብላ በቁልፍ ሳጥን ብቻ ማስገባትን ከለከለች ሲባል ሰምቼ ደስ ብሎኛል፣ ባይሆን ፊቱን ያየው ሰው ይኑር።

ቤቴ_ንብረቴ፦

ጋሼ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ጫጫታ ከሆነ ችግሩ የጫጫታ ሕግ አለ፣ ቆሻሻ ከሆነ የቆሻሻ ሕግ አለ። ቋሚ ተከራይም እኮ ይጮሃል። ለምን አዲስ ደንብ?

ጋሽ_ታዛቢ፦

ቋሚው ተከራይ ሲጮህ ጠዋት ደረጃ ላይ አገኘዋለሁ ልጄ። የዛሬውን ግን ጠዋት አላገኘውም፣ ማታ ሌላ ነው የሚጮኸው።

ጠበቃ_ያልሆነ፦

ቤቴ ንብረቴ የሚለው ክርክር ፍርድ ቤት ደጋግሞ ተሞክሯል፣ ብዙም አላዋጣም። የአውሮፓ ህብረት ፍርድ ቤት በ2020 በሁለት የፓሪስ አከራዮች ጉዳይ የመኖሪያ ቤት እጥረትን መዋጋት የሕዝብ ጥቅም ስለሆነ ከተማ ፈቃድ አውጡ ማለት ይችላል ብሎ ወሰነ። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ሳንታ ሞኒካ ያልተመዘገበ ቤት ላይ ቡኪንግ እንዳትጨርሱ ብላ ፕላትፎርሞቹን አስገደደች፣ እነሱ እኛ ማስታወቂያ ለጣፊ ነን እንጂ ተጠያቂ አይደለንም ብለው ተከራከሩ፣ 9ኛው የፌደራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2019 ከከተማዋ ጎን ቆመ። ያ ትልቅ ነገር ነው ምክንያቱም ከዚያ በፊት ከተማ የሚያሳድደው አከራዩን አንድ በአንድ ነበር።

ግን ምክር ቤቶችም በገዛ እጃቸው ይሸነፋሉ። ኒው ኦርሊንስ በመኖሪያ ሰፈር ፈቃድ የምሰጠው እዚያው ለሚኖር ባለቤት ብቻ ነው አለች፣ 5ኛው ይግባኝ ሰሚ በ2022 ከሌላ ስቴት የመጣን ባለቤት ማግለል ነው ብሎ ጣለው። የካሊፎርኒያዋ የእረፍት ከተማ ሳውዝ ሌክ ታሆ ይበልጥ ታሳዝናለች፣ በ2018 ነዋሪው በመኖሪያ ሰፈር የእረፍት ቤት ኪራይ ይቁም ብሎ በሕዝብ ድምፅ አጸደቀ፣ ልዩነቱ 58 ድምፅ ነው፣ 58! ቋሚ ነዋሪ ግን በዓመት ለ30 ቀን ማከራየት ይችላል የሚል ማስተዛዘኛ ጨመሩበት። በ2025 ዳኛ ያፈረሰው ያንኑ ነዋሪና ነዋሪ ያልሆነ የሚለውን ልዩነት ይዞ ነው። ኤድንብራም እንዲሁ፣ በ2023 የስኮትላንድ ፍርድ ቤት ጋራ ደረጃ ያላቸውን አፓርታማዎች ገና ማመልከቻ ሳይታይ ፈቃድ አይገባቸውም ብሎ መነሳትን ሕገ ወጥ ነው አለው።

ስለዚህ ደንብ ስትጽፉ ባለቤቱ የየት ሰው ነው ከማለት ቤቱ ምን ላይ እየዋለ ነው ማለት ይሻላል። የየአገሩ ሕገ መንግስት ይለያያል እርግጥ፣ የካናዳዋ ክልል ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዋና መኖሪያህ መሆን አለበት የሚለውን በ2023 አውጥታ ከሜይ 2024 ጀምሮ እየሰራችበት ነው።

ተራራ_ላይ፦

ብሪቲሽ ኮሎምቢያን ካነሳህ አይቀር ለዚህ ክር የሚሆነው ክፍል እሱ አይደለም፣ ከሱ ነጻ የተደረጉት ናቸው። ሕጉ አስር ሺህና ከዚያ በላይ ሕዝብ ባላቸው ከተሞች አከራዩ በዋና መኖሪያው ወይም እዚያው ባለ አንድ ተቀጥላ ቤት ብቻ ይላል፣ ሪዞርት ተብለው የተመዘገቡት እንደ ዊስለር ያሉት ግን ራሳቸው ካልፈለጉ አይገደዱም። ቶፊኖ ፈልጋ ገባችበት፣ ዊስለር አልገባችም። ሁለቱም ከቱሪስት ነው የሚኖሩት፣ መልሳቸው ተለያየ።

ዊስለር ያልገባችው ግድ ስለሌላት አይደለም። ከድሮ ጀምሮ በዞን ለይታዋለች፣ ይሄ ሕንጻ ለእንግዳ ነው፣ ይሄኛው ሰፈር ለነዋሪ ነው፣ በቃ። ጎን ለጎን ደግሞ ከ1997 ጀምሮ የሰራተኛ ቤት ብቻ የሚመለከት መስሪያ ቤት አላት፣ ግቧ ከሰራተኛው 75 በመቶው እዚያው ከተማ እንዲኖር ነው። የሚገዛውም የሚከራየውም እዚያ የሚሰራ ሰው ብቻ ነው፣ ዋጋውም ከገበያው ጋር አብሮ አይጋልብም። አሁንም ቤት ፈላጊው ወረፋ ነው፣ ገነት አይደለችም። ግን ቤት እጥረቱን በክልከላ ብቻ እፈታለሁ ብላ አልተቀመጠችም። ቬይል የምትባለው የኮሎራዶ የስኪ ከተማ ደግሞ ሌላ መንገድ አላት፣ ለባለቤቱ ገንዘብ ትከፍለውና ቤቱ ከዚህ በኋላ እዚህ የሚሰራ ሰው ብቻ ይኖርበታል የሚል ገደብ ካርታው ላይ ታስጽፋለች። ውድ ነው ግን ፍርድ ቤት አይሄድም፣ ባለቤቱ ወዶ ነው የፈረመው።

ቁጥር_ወዳጅ፦

የቀን ኪራይ ነው ቤት ያስወደደው ወይስ አይደለም ለሚለው ጥናት አለ፣ ስሜት ብቻ አይደለም። ባርሴሎና ላይ የተሰራው ጥናት ኤርቢኤንቢ ኪራይን በአማካይ 1.9 በመቶ አስወደደ ይላል፣ ሲሰሙት ትንሽ ነው፣ ግን ቱሪስት የሚበዛባቸው ሰፈሮች ላይ 7 በመቶ ነው። ሎስ አንጀለስ ካውንቲ ውስጥ ካሉት 88 ከተሞች 18ቱ ደንብ ሲያወጡ የተደረገው ጥናት ደግሞ ሊስቲንጉ በግማሽ ቀነሰ፣ የቤት ዋጋና ኪራይ በ2 በመቶ ገደማ ወረደ ይላል። እንግዲህ አማካዩን ይዞ ችግር የለም የሚልም አለ፣ ጫፉን ይዞ አለቅን የሚልም አለ። ትንሽ የቱሪስት ከተማ ማለት ግን ሙሉ ከተማው እንዳለ ያ ቱሪስት የበዛበት ሰፈር ነው፣ የሚያቀዘቅዘው ሌላ ሰፈር የለውም።

አሁን ከሁሉ በላይ ሊታይ የሚገባው የሃዋይ ደሴት ማዊ ነው። ኦገስት 2023 ላሃይና የምትባለው ከተማዋ በእሳት ጠፋች፣ ከመቶ በላይ ሰው ሞተ፣ ሺዎች ቤት አልባ ሆኑ፣ ደሴቷ ላይ ደግሞ ለቱሪስት የሚከራይ ኮንዶ ሞልቷል። ከንቲባው በሜይ 2024 በአፓርታማ ዞን ላይ ያሉ ግን በድሮ ልዩ ፈቃድ ለእንግዳ የሚከራዩ ወደ 7 ሺህ የሚጠጉ ቤቶች ወደ መኖሪያነት ይመለሱ አለ። የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚ ጥናት ተቋም በ2025 አሰላው፣ ወደ 6 ሺህ 100 ቤት ለመኖሪያ ይመለሳል፣ የመኖሪያ ቤት ቁጥር በ13 በመቶ ያድጋል፣ የኮንዶ ዋጋ ከ20 እስከ 40 በመቶ ይወርዳል። በሌላ በኩል የጎብኚ ወጪ በ15 በመቶ ይቀንሳል፣ ይሄ በዓመት 900 ሚሊዮን ዶላር ነው፣ ወደ 1,900 ስራ ይጠፋል፣ የንብረት ግብርም ይወርዳል።

አያችሁ፣ ሁለቱም ወገን ያንኑ ሪፖርት ይዞ ነው አሸነፍኩ የሚለው። ምክር ቤቱ በ2025 መጨረሻ አጸደቀው፣ ግን ነገ ጠዋት አላለም፣ ዌስት ማዊ ከ2029 ሌላው ከ2031 ጀምሮ ነው። ለኔ ዋናው ትምህርት ያ ጊዜ ነው። በአንዴ የሚቆርጥ ከተማ ሰራተኛውን ከስራ ያስወጣና ቤቱ ሲገኝ የሚከራየው ደመወዝ ያጣል።

አንሶላ_ቀያሪዋ፦

1,900 ስራ ስትል የኔ ቢጤ ናቸው አይደል። የኮንዶ ዋጋ 40 በመቶ ቢወርድስ እኔ እገዛዋለሁ እንዴ? ኪራዩን ንገሩኝ።

ቁጥር_ወዳጅ፦

ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የሚፈሩትም እሱን ነው፣ ብዙዎቹ ኮንዶዎች ወርሃዊ የጋራ ህንጻ ክፍያቸው ከባድ ነው፣ ዋጋው ወርዶም ወጪው ስለማይወርድ ተራ ሰራተኛ የሚከራየው ላይሆን ይችላል።

መዝገብ_ቤት፦

በአንድ ማዘጋጃ ቤት ፈቃድ ክፍል ውስጥ ሰርቻለሁ፣ የት እንደሆነ ይቅር። እስካሁን ማን ያስፈጽመዋል የሚለውን ማንም አልነካውም፣ ጉዳዩ ሁሉ ደግሞ እሱ ነው፣ ምክር ቤት ውስጥ ሰዓታት የሚፈጀው ግን ሌላው ነው።

መጀመሪያ ነገር፣ ኢንስፔክተሩ ቤቱ የት እንደሆነ አያውቅም። ፕላትፎርሙ ካርታ ላይ ክብ ያሳያል እንጂ አድራሻ የሚሰጠው ለከፈለ ሰው ነው። እኛ ፎቶ እያየን ከመስኮቱ የሚታየውን ጣራ፣ የበረንዳውን ብረት፣ የመታጠቢያ ቤቱን ሴራሚክ ከድሮ የሽያጭ ማስታወቂያ ጋር እያመሳሰልን ነበር የምንፈልገው። እንደዚህ ሆኖ አንዱን ስታገኝ አስሩ ስም ቀይሮ ይወጣል። ለዚህ ነው የምዝገባ ቁጥር በማስታወቂያው ላይ ይለጠፍ፣ ቁጥር የሌለውን ፕላትፎርሙ ራሱ ያውርድ የሚለው ካልገባ ደንቡ ወረቀት ነው የምለው። ጃፓን በጁን 2018 ሕጓን ስታስጀምር ኤርቢኤንቢ ቁጥር የሌላቸውን አወረደ፣ ከአስር ሊስቲንግ ስምንቱ ገደማ በአንዴ ጠፋ። ስፔን በ2025 ከ65 ሺህ በላይ ማስታወቂያ እንዲወርድ አዘዘች። የአውሮፓ ህብረትም ፕላትፎርሞች የምዝገባ ቁጥሩንና ስንት ሌሊት እንደተከራየ ለመንግስት እንዲያስተላልፉ የሚያስገድድ ሕግ አውጥቷል፣ ተግባራዊ የሚሆነው ከሜይ 2026 ጀምሮ ነው። ትንሽ ከተማ ብቻዋን ግዙፍ ድርጅት ጋ ደብዳቤ ብትጽፍ መልስ አታገኝም፣ ክልል ወይም አገር ከኋላዋ መቆም አለበት።

ሌላው የሌሊት ገደብ ነው። አምስተርዳም በአብዛኛው ሰፈር 30 ሌሊት፣ ፓሪስ ከ2025 ጀምሮ ዋና መኖሪያን በዓመት 90 ሌሊት። ትልቅ ከተማ ላይ ይሰራል ምክንያቱም እንግዳ ዓመቱን ሙሉ ስለሚመጣ 90 ሌሊት ባለሀብቱን አያዋጣውም። ሲዝኑ ሶስት ወር በሆነ ከተማ ላይ ግን 90 ሌሊት ማለት እኮ ሙሉ ሲዝኑ ነው! ባለቤቱ ምንም አልተገደበም። ዘጠኙን ወር ለአስተማሪ ያከራይና ሲዝን ሲመጣ ያስወጣዋል፣ ልክ እህታችን ላይ እንደደረሰው። የትልቅ ከተማ ደንብ እየገለበጡ መለጠፍ ይሄን ነው የሚያመጣው።

ማምለጫ ደግሞ ሁሌም አለ። ለአንድ ሰው አንድ ፈቃድ ስትል ሚስት፣ ወንድም፣ የአጎት ልጅ ይመጣል። ከ30 ቀን በላይ የሆነ ውል ነጻ ነው ስትል ሁሉም የ31 ቀን ውል ፈርሞ አራት ቀን የሚያድር እንግዳ ያስገባል። አቶ ባለ ሁለት ቁልፍ፣ አንተን ለመርዳት ተብሎ የተከፈተችውን ቀዳዳ ያ ባለ አስራ አምስት አፓርታማ ነው የሚጠቀምባት፣ ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ነው ነገሩ። ስለዚህ ልዩነቱ በወረቀት የሚረጋገጥ ይሁን፣ የቤቱ መብራትና ውሃ በማን ስም ነው፣ ግብር የሚያስታውቀው በየትኛው አድራሻ ነው።

ቅጣትም ላይ፣ የአንድ ሳምንት ገቢ ከቅጣቱ ከበለጠ ቅጣት አይባልም፣ የፈቃድ ክፍያ ነው። ሕገ ወጡ ከሚያገኘው በላይ መሆን አለበት፣ ሲደጋገም ፈቃዱ መሄድ አለበት። የፈቃድ ክፍያው ደግሞ የኢንስፔክተሩን ደመወዝ ይሸፍን። እኛ ጋ ቅሬታ የሚመጣው ቅዳሜ ሌሊት ነው፣ ቢሮው የሚዘጋው አርብ ማታ። ሌሊት ስልክ የሚያነሳ፣ በሰዓት ውስጥ የሚደርስ ተጠሪ የሌለው ቤት ፈቃድ ባይሰጠው የጋሽ ታዛቢ ችግር ግማሹ ያልቅ ነበር።

ጋሽ_ታዛቢ፦

እግዜር ይስጥህ። ሊፍቱንም ጨምርልኝ ሃሃ።

ጠበቃ_ያልሆነ፦

አንድ ነገር ልጨምር፣ ክልከላ ቤቱን ለነዋሪ ይሰጣል ማለትም አይደለም። ያቺው ታሆ ውስጥ ብዙ የሀብታም የእረፍት ቤት አለ፣ ማከራየት ሲከለከል ሳይሸጥ፣ ለሰራተኛም ሳያከራይ ቆልፎት የሚሄድ ባለቤት ይኖራል። ከዚያ በ2024 ባዶ ቤት ላይ ታክስ እንጣል ብለው ለድምፅ አቀረቡ፣ ወደቀ። ሴንት አይቭስ የምትባለው የእንግሊዝ የባህር ዳርቻ ከተማም በ2016 አዲስ የሚሰራ ቤት ለዋና መኖሪያ ብቻ ይሁን ብላ ከ80 በመቶ በላይ ድምፅ ሰጠች፣ ሁለተኛ ቤት ፈላጊው ፊቱን ወደ ነባሮቹ ቤቶች አዞረ።

ቤቴ_ንብረቴ፦

እና ይሄው ራሳችሁ ተናገራችሁት። ከልክላችሁም ቤቱ አልተገኘም። አትንኩን።

መዝገብ_ቤት፦

የተባለው ብቻውን አይበቃም ነው፣ አትንኩት አይደለም። ታሆ ባዶ የቆመው የሀብታም ቪላ ነው፣ ከሪዞርቱ ጀርባ ያለች ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ብትሆን ባለቤቷ ባንክ ዕዳ ስላለበት ባዶ አያስቀምጣትም። ከመከልከል በፊት የትኛው አይነት ቤት ነው ያለን ብሎ መቁጠር ነው፣ ለዚህም ነው ምዝገባው መጀመሪያ የሚመጣው፣ ቢያንስ አንድ ሙሉ ሲዝን መዝግቦ አይቶ ከዚያ ቁጥር መገደብ።

ባለ_ሁለት_ቁልፍ፦

እሺ መዝገብ ቤት፣ በአብዛኛው ተስማምተናል፣ ግን ቁጥር ከተገደበ የኔ ፈቃድ ምን ይሆናል? ነባሮቹ ይቀጥላሉ ከተባለ ጥሩ ነው ለኔ። ቤቱን ብሸጠውስ ገዢው ፈቃዱን ይዞ ይገዛል?

መዝገብ_ቤት፦

አይተላለፍ ነው የምለው፣ ለአንተ እንደማይጥምህ ባውቅም። ፈቃድ ከቤቱ ጋር የሚሸጥ ከሆነ ፈቃድ ያለው ቤት ከሌለው በላይ ያወጣል፣ ከዚያ ፈቃዱ ራሱ ንግድ ይሆናል፣ የማያከራይ ሰው ሁሉ ለክፉ ቀን ብሎ አውጥቶ መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጠዋል። የማይተላለፍ ከሆነ ግን ማንንም ሳትነጥቅ በየዓመቱ በሚሸጡት ቤቶች ልክ ቁጥሩ ራሱ እየወረደ ይሄዳል። በዓመት ይሄን ያህል ሌሊት ያላከራየ ፈቃዱ ይመለስ የሚልም ይግባበት።

ባለ_ሁለት_ቁልፍ፦

ለልጄ ባወርሰውስ? እኔም ከእናቴ ነው ያገኘሁት።

አንሶላ_ቀያሪዋ፦

ለልጅህ ቤቱን አውርሰው፣ ፈቃዱን እንደ ማንኛውም ሰው ተሰልፎ ይጠይቅ። ልጅህ ደግሞ ለሰራተኛ በዓመት ውል ባከራይ ግብሬ ይቀንስልኛል ወይ ብሎ ቢጠይቅ ማዘጋጃ ቤቱ አዎ የሚል መልስ ይኑረው፣ እሱን ደንቡ ላይ ጻፉልኝ።

ነገር_ፈላጊ፦

የግብር ቅናሹን የሞከረ ከተማ የሚያውቅ አለ? ትራኪ የምትባል ካሊፎርኒያ ያለች ትንሽ ከተማ የእረፍት ቤቱን ለአካባቢው ሰራተኛ በረጅም ውል ለሚያከራይ ባለቤት ጥሬ ገንዘብ እንደምትሰጥ አውቃለሁ፣ ግብር ላይ የተደረገ ግን አላገኘሁም። ያላችሁ አምጡ።